ጥርስ ሥር ካልጮኸ

በማድሪዱ የቻይናዎች ሰፈር በኡሴራ ውስጥ «የት ልብላ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ገና ከሜትሮ ባቡር መውጣቱ ነው። የሰፈሩ ሰው አይጠይቅም፤ መስኮት ያያል። መስኮቱ ሥር ከቻይናዋ ቺንግትያን የመጡ ሽማግሌዎች አቀርቅረው ሾርባቸውን የሚምጉ ከሆነ ይገባል። ባዶ ከሆነ፣ ወይም ሳህናቸውን በስልክ ፎቶ የሚያነሡ ወጣቶች ብቻ ከታዩ፣ ያልፋል። በር ላይ የተለጠፈውን ሥዕልና ዋጋ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ጋዜጣ ያመሰገነው ቤት ሲዘጋ፣ ስም እንኳ የሌለው ቤት ልጅ ሲድር አይተናል።

የሊያው ዪንሺያ ቤት መስኮት ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር። ዪንሺያ ሃምሳን የተሻገረች፣ አጭር፣ እርምጃዋ ፈጣን፣ ሳህኑ ላይ ሩዝ ያስተረፈ ደንበኛን እንደ ልጇ የምትቆጣ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አብራት ወጥ ቤት የምትቆመው የባሏ እህት ሳይጀን ናት። ቤቱን የከፈቱት ግን የዪንሺያ አባት፣ ሽማግሌው ሊያው ናቸው። ከተራራማው አገራቸው ወጥተው ማድሪድ ሲገቡ በሰፈሩ ያለው የቻይና ምግብ ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። መጥበሻቸውን ጨብጠው ቤቱን እዚህ አደረሱት።

እኚህ አባት አሁን በቤቱ በር አያልፉም። ነገሩ እንዲህ ነው። እርጅና ሲመጣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ከመጥበሻቸው የፈላ ዘይት ፈሰሰና የሳይጀንን ክንድ አቃጠለ። ዪንሺያ ደንግጣ መጥበሻውን ከእጃቸው ነጠቀችና፣ ደንበኛው ሁሉ እየሰማ፣ «እጅዎ ይንቀጠቀጣል፤ ይቀመጡ!» አለቻቸው። ሽማግሌው ሽርጣቸውን ፈቱ፤ አጣጥፈው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ፤ «ከዚህ ቤት ዳግመኛ እህል ብቀምስ ሰው አይደለሁም» ብለው ወጡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከዚያ ወዲህ አንድ መንገድ እየተጋሩ፣ እሷ በግራ ስትመጣ እሳቸው ወደ ቀኝ ይሻገራሉ። ስትደውል አያነሡም። ለአዲስ ዓመት የላከችላቸው ዓሣ ሳይፈታ ተመልሷል።

ያ ረቡዕ የነሐሴ ነበር፤ ነሐሴ ማድሪድ ላይ እሳት ነው። ዪንሺያ ከጅምላ ገበያ የጎመንና የሽንኩርት ካርቶን ተሸክማ ስትገባ የምሳ ሰዓት አልፎ፣ ሳይጀን ወለሉን ትወለውል ነበር። ዪንሺያ ካርቶኑን አስቀምጣ ቀና ስትል ዓይኗ ከመታጠቢያው ሥር አረፈ። ሳፋው ታጥቦ ተደፍቷል።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላት። ሰኞ ጠዋት የደረቀ የእንጨት ጆሮ፣ ያንን ጥቁር የዛፍ እንጉዳይ፣ እዚያ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋ ነበር። ወዲያው ከቫሌንሲያ ተደውሎ የአጎትሽ ልጅ ዐረፈ አሏት፤ ቤቱን ዘግታ ለቀብር በረረች። የተመለሰችው ትናንት ማታ ነው። ሳፋው በዚያ ሙቀት እዚያው ነበር።

«ሳይጀን፣ ሳፋው ውስጥ የነበረውስ?»

«እንጉዳዩ? አጎት ሩይሺ መጥተው እንደ ልማዳቸው አዘዙ። ማታ ስትገቢ ዘፍዝፈሽልኝ አገኘሁትና፣ እሰይ ብዬ አጥቤ ሠራሁላቸው። ቀሪው ልፍስፍስ ብሎ ስላላማረኝ ደፋሁት። ደግሞ እህል ደፋሽ ብለሽ ተነሺብኝ አሉሽ!»

«ማታ አይደለም የዘፈዘፍኩት።»

«ታዲያ መቼ ነው?»

«ሰኞ።»

ሳይጀን መወልወያውን ለቀቀችው።

እንጉዳዩ ሲደርቅ ምንም የለበትም። ጥቂት ሰዓት ዘፍዝፈው ቢበሉት ሆድ ያጸዳል ይባላል። በሙቀት ውሃ ውስጥ ሲከርም ግን መርዝ ያበቅላል፤ መርዙ አይሸትም፣ አይመርርም፣ እሳትም አይገድለውም። ዪንሺያ ይህን የሰማችው ከወሬ አይደለም። ልጅ ሳለች የአባቷ ታናሽ እህት በዚሁ ነው የሞተችው። ማታ በላች፤ ሲነጋ ሆዴን አለች፤ ከዚያ ዓይኗ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ሰው አላውቅ አለች። ዪንሺያ በር ላይ ቆማ አይታለች። አባቷ ከቀብር መልስ ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ «ጥርስ ሥር ካልጮኸ ትፉት» አሏቸው፤ ያ የቤቱ ሕግ ሆኖ ኖረ።

«አጎት ሩይሺ በሉት?» አለች።

«እዚህማ አልበሉትም። ኑድላቸውን በሉና እንጉዳዩን እንደ ሁልጊዜው ኮምጣጤ አስጨምረው አስቋጠሩ። ማታ ሙቀቱ ሲበርድ እበላዋለሁ ብለዋል።»

ዪንሺያ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወጣች።

አጎት ሩይሺ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ሆዳቸው በተራ ሰፈሩን ይዞራል። ሰኞ ሱንግ ቤት፣ ማክሰኞ ሊጥ በእጁ እየጎተተ ኑድል የሚሠራው ማ ቤት፣ ረቡዕ ዪንሺያ ቤት። በየቤቱ በልተው ስለ ሌላው ቤት ያማሉ፤ ሰፈሩም እሳቸው የተቀመጡበትን መስኮት አይቶ ይገባል። ስልክ ልጃቸው ገዝቶላቸዋል፤ እንዳይጠፋ ብለው ቤት ቆልፈውበት ይወጣሉ። ዪንሺያ በራቸውን ደበደበች፤ መልስ የለም። ማታ ይበሉታል ቢባልም፣ ሰውዬው መንገድ ላይ ወንበር ባገኙ ቁጥር ቋጠሮ እንደሚፈቱ ታውቃለች።

በኒኮላስ ሳንቼዝ መንገድ ቁልቁል ስትሮጥ መስኮቶቹ ሁሉ አስፈሯት። በየመስታወቱ ጀርባ አፍ ያኝካል፣ ጉሮሮ ይውጣል። በዚያ መንገድ ስታድግ እንዲህ የሚያስፈራ ነገር አይታ አታውቅም፤ ሰው እህል ሲበላ።

ሱንግ ከሰሜን ምሥራቅ የመጣች፣ ጂያኦዚ የሚሉትን ሥጋ የታጨቀበት ሊጥ የምትቀቅል፣ ምላሷ ከቢላዋዋ የሚስል ሴት ናት። ቢላዋዋ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

«ምነው እህት ዪንሺያ፣ ላብ በላብ? የጤና ቁጥጥር መጣብሽ እንዴ?» አለች ከምድጃዋ ማዶ።

ጠረጴዛዎቹ ሳቁ። ከዪንሺያ አፍ አንዲት ቃል ካመለጠች ቤቱ አለቀለት። አባቷ ዕድሜያቸውን የጨረሱበት፣ ሳይጀን ክንዷን ያቃጠለችበት ቤት። ኡሴራ ውስጥ የተበላሸ ምግብ የሸጠ ሰው ሌላ ከተማ ይሄዳል እንጂ ሌላ ዕድል አያገኝም። እናም ዋሸች።

«አጎት ሩይሺን ፈልጌ ነበር። ባርኔጣቸውን ረስተው ሄዱ።»

«ባርኔጣ? እሳቸው ከተመለጡ ጀምሮ ባርኔጣ ያደረጉበትን ቀን ያየ ሰው አለ? ሳይከፍሉ ወጥተውብሽ ነው እንጂ፣ ንገሪን!»

«በዚህ አለፉ ወይ ነው ያልኩሽ!»

«ኧረ ቀስ! አለፉ። ወትሮ ‹የሱንግ ሊጥ ወፍራም ነው› ብለው ሳይሰድቡኝ አያልፉም ነበር፤ ዛሬ ከረጢታቸውን አቅፈው ዝም ብለው ሄዱ።»

ሰው ሊሞትባት ነው፣ እሷ ስሟን ትጠብቃለች። በዚህ የሚፈርድባት በዚያ ሰፈር ምግብ ሸጦ የማያውቅ ሰው ነው። ፍርሃት አንድ ብቻ ሲሆን ቀላል ነው፤ ሁለት ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ይደብቃል።

ኑድል ሠሪው ማ ነጭ ቆቡን አድርጎ ሊጡን ጠረጴዛ ላይ እያጮኸ ይመታ ነበር። እሱንም በባርኔጣ ጠየቀችው። ማ ጥያቄ የማያበዛ ሰው ነው።

«መጀመሪያ ወደ ላይ ወደ ፎቆቹ ወጡ። ቆየት ብለው ወረዱና ወደ ፕራዶሎንጎ መናፈሻ ሄዱ። ምነው፣ እጅሽ እንዲህ የሚሆነው?»

ዪንሺያ ወደ መናፈሻው ሮጠች።

መናፈሻው ውስጥ ከጥዶቹ ሥር በዚያ ሰዓት የሰፈሩ ምግብ ቤት ባለቤቶች ግማሾቹ ይገኛሉ፤ ከምሳና ከእራት መሐል ቼዝ ይጫወታሉ፣ ይሰዳደባሉ። አጎት ሩይሺ መሐላቸው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ቀይ፣ ሳቃቸው ከሩቅ የሚሰማ፣ ደኅና ናቸው። ዪንሺያ ደስታዋ ገና ሳይሞላ እጃቸውን አየች። ባዶ ነው። ወንበሩ ላይም ከረጢት የለም።

«አጎት ሩይሺ፣ ያስቋጠሩት የታለ?»

«የቱ?»

«እንጉዳዩ ነዋ!»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ቼዙ መለሱ። «እሱማ በልቼዋለሁ። ጥሩ ነበር። ኮምጣጤው ትንሽ አነሰ እንጂ።»

«ለኮምጣጤ ነው ይህን ያህል ሩጫ?» አለ አንዱ ተጫዋች። «እኛ ቤት ይምጡ አጎቴ፣ በባልዲ እንሰጥዎታለን!»

ሁሉም ሳቀ። ዪንሺያን የሟች አክስቷ ቢጫ ዓይን ታያት። የአጎት ሩይሺን ክንድ ያዘች። ከዚያ ያ ሁሉ ባለ ምግብ ቤት እየሰማ ተናገረችው።

«አጎቴ ይነሡ፣ ሆስፒታል እንሂድ። እንጉዳዩ ከሰኞ ጀምሮ ውሃ ውስጥ ከርሟል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ረስቼው ሄጄ ነው። መርዝ ነው የበሉት። ይነሡ፣ ለወላጆችዎ አጥንት ብለው ይነሡ!»

ሳቁ ቆመ። አንዱ የያዘውን የቼዝ ፈረስ ሣሩ ላይ ጣለው። አጎት ሩይሺ ግን አልተነሡም፤ ቀዩ ፊታቸው ቀስ እያለ አመድ ለበሰ።

«እኔ አልበላሁትም» አሉ።

«አሁን በላሁ አላሉም?»

«ዋሽቼ ነው። ጥርሴ ሰው ሠራሽ ነው ልጄ፤ እንጉዳይ ካኘክሁ ስንት ዘመኔ።»

«ታዲያ ማን ነው የበላው?»

«አባትሽ።»

ዪንሺያ አልገባትም። አጎት ሩይሺ እንደ ልጅ ማልቀስ ቃጣቸው።

«ረቡዕ ረቡዕ ለእሳቸው ነው የማስቋጥረው። ‹አምጣልኝ፣ ከየት እንደሆነ ግን አትንገረኝ፤ ካላወቅሁ መሐላዬ አልፈረሰም› አሉኝ። ማወቁንማ ያውቃሉ፤ ኮምጣጤ ጨምሩበት የሚሉትም እሳቸው ናቸው። ለማንም አልናገርም ብዬ ምዬ ነበር። ሩጪ ልጄ፣ ሩጪ!»

ስንት ረቡዕ! ያቺ ሴት ስንት ረቡዕ ለአባቷ ምግብ ስትሠራ ከርማ አላወቀችም። ያወቀችው ደግሞ በመርዙ ቀን ነው። እየሮጠች ደወለች፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። ለወትሮው አለማንሣታቸው ቂም ነበር፤ ያን ቀን ምን እንደሆነ በምን ታውቃለች?

የአባቷ ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። «አባዬ!» አለች፤ ማንም የለም። ጠረጴዛው ላይ የራሷ ቤት የፕላስቲክ ዕቃ ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል። ውስጡ ኮምጣጤና ሁለት የቃሪያ ዘር ብቻ ቀርቷል። መብያ እንጨቶቹ ወለል ላይ ወድቀዋል። ዪንሺያ ዕቃውን አንሥታ አየች፣ መልሳ አስቀመጠችው፣ እንደገና አነሣችው። ምንም አልቀረም።

የአባቷ ጎረቤት የስፔናዊቷ የዶኛ ኤንካርና በር ተከፈተ፤ አሮጊቷ ማራገቢያቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

«አባትሽን ነው? አሁን ወጡ እኮ፣ የኔ ልጅ። በነጠላ ጫማ፣ ግድግዳውን እየደገፉ። ምን ሆኑ ብላቸው እጃቸውን አወናጨፉብኝ። ፊታቸው ልክ አልነበረም።»

እንዴት እንደወረደች አታስታውስም። መንገድ ላይ ጥላ ያለበትን ሥፍራ ሁሉ አየች፣ ከመኪናዎቹ መሐል ጎንበስ እያለች አየች። የሆነ ቦታ እንደወደቁ፣ ሰው ሰካራም መስሎት እንደሚያልፋቸው አልተጠራጠረችም። «አባዬን ገደልኩት» የሚለው ቃል በእርምጃዋ ልክ ጆሮዋ ላይ ይመታ ጀመር። ስልኳ ጮኸ። ሳይጀን ናት፤ ታለቅሳለች።

«ነዪ፣ ቶሎ ነዪ! አባትሽ እዚህ ናቸው!»

«ሞቱ?»

«ምን ሞቱ! የቆሻሻ በርሜሉን ገልብጠው ይጮሁብኛል እንጂ!»

ስትደርስ ከቤቱ ፊት ሰው ቆሟል። ወሬው ከመናፈሻው ቀድሟታል። ሱንግ ሳትቀር ሽርጧን እንደታጠቀች መንገዱን ተሻግራ መጥታለች። ማንም አላናገራትም፤ መንገድ ለቀቁላት። አባቷ ዳግመኛ አልገባም ካሉበት ቤት መሐል፣ በነጠላ ጫማ፣ ሸሚዛቸው ከላብ ጋር ተጣብቆ ቆመዋል። በርሜሉ ወለሉ ላይ ተዘርግፏል።

«በላሽ?» አሏት፣ አፏን ሳትከፍት።

«እርስዎስ?»

«በላሽ ወይ ነው የምልሽ!»

«አልበላሁም።»

«ከሳፋው ቀሪውን? እውነቱን ተናገሪ! እኔ ነኝ ያሳደግሁሽ፤ አንቺ ሳትቀምሺ የምትደፊው እህል የለም!»

«አልነካሁትም አባዬ። ሳይጀን ደፍታዋለች። እርስዎስ፣ ዕቃው እኮ ባዶ ነው!»

ሽማግሌው ወንበር ዳብሰው ተቀመጡ። «አንድ ነከስኩ። አልጮኸም። ተፋሁትና አፌን ታጠብኩ፣ የቀረውን ሽንት ቤት ደፋሁት። ከዚያ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ጉልበቴ የከዳኝ ያን ጊዜ ነው።»

ዪንሺያ አላመነችም፤ ፍርሃት ቶሎ አያምንም። እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። ሐኪሟ ዓይናቸውን ገልጣ፣ ሆዳቸውን ተጭና አየች። ካልዋጡት ደኅና ናቸው፣ ትንሽ እንኳ ካመማቸው ግን ደቂቃ እንዳታጠፉ አለች። ዪንሺያ እስከ ቤት ድረስ ሆዳቸውን ስትሰልል መጣች። አባቷ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ ባሳረፉ ቁጥር እግሯ ይቆማል።

«እያከክሁት ነው፣ ምን ታፈጪያለሽ?» አሏት አንዴ።

የእራት ሰዓት ሲደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። መንገዱ በሰው ተሞላ፤ የሱንግ ቤት ሞላ፣ የማ ቤት ሞላ። በዪንሺያ መስታወት አጠገብ የሚያልፍ ሁሉ ውስጡን አይቶ እርምጃውን ያፈጥናል። መስኮቱ ባዶ ነበር። ሳይጀን ጥግ ላይ ተቀምጣ ጠባሳዋን ታሻሻለች። ዪንሺያ መብራቱን ለማጥፋት እጇን ዘረጋች።

«ተዪው» አሉ አባቷ። «አዲስ ዘፍዝፊ።»

«ምኑን?»

«የእንጨት ጆሮውን ነዋ።»

«አባዬ፣ ዛሬ? ሰው እንዲህ እያየን?»

«ሰው እያየ ነው ያስቀመጥሽኝ» አሉ፤ ግን አልተቆጡም። «ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆንም። ዘፍዝፊ፤ እጠብቃለሁ።»

ተነሥተው መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ተቀመጡ። እንጉዳዩ ውሃ ጠጥቶ እስኪያብጥ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አላሉም። ያን መሐላ የማያውቅ ሰው በሰፈሩ የለም፤ ስለዚህ የሚያልፈው ሰው መቆም ጀመረ። አጎት ሩይሺ መጡና ደጅ ላይ ቆሙ፤ ለመግባት ድፍረቱ አልነበራቸውም። ሱንግ ከበሯ ላይ አንገቷን አስግጋ ታያለች።

ዪንሺያ እንጉዳዩን እያንዳንዱን በጣቷ ፈትሻ አጠበች፤ ቀቀለች፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ኮምጣጤ አደረገችበት። መጀመሪያ ራሷ አንድ ነከሰች። ጮኸ። ሌላ ነከሰች። እሱም ጮኸ። ሳህኑንና የኮምጣጤውን ጠርሙስ ይዛ ስትወጣ ሁለቱ እርስ በርስ ይንኳኩ ነበር።

አባቷ መብያ እንጨታቸውን አነሡ። እጃቸው እየተርገበገበ ሁለት ጊዜ እንጉዳዩ አምልጧቸው ሳህኑ ላይ ወደቀ። ዪንሺያ ልትረዳቸው እጇን ሰደደችና መለሰችው። በሦስተኛው አገኙት። አፋቸውን ከፍተው አኘኩ፣ መንገዱ ሁሉ እንዲያይ፤ በዚያ ጸጥታ ጥርሳቸው ሥር ሲጮህ ሳይጀን ከጥጓ ሰማችው። ዋጡት።

«ኮምጣጤ ያንሰዋል» አሉ።

ዪንሺያ ጠርሙሱን ልታዘነብል ሞከረች። ኮምጣጤው ሳህኑን ስቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፣ ከዚያ በአባቷ እጅጌ ላይ። ቀኑን ሙሉ ያልወጣው እንባዋ መጣ። ሽማግሌው ጠርሙሱን ቀስ ብለው ከእጇ ወሰዱና በእግራቸው ፊት ለፊታቸው ያለውን ወንበር ገፋ አደረጉላት።

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አሏት። «ተቀመጪ።»